የቡሊት ጋቢና

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ቅቤ ሸጥኩ። አይብ ሸጥኩ። ቆጮ አልቋል እያልኩ ሰው መለስኩ። ሱቁን ጎረቤቴ እንድታይልኝ ትቼ የሳህሌን መድኃኒት ላመጣ ወደ ቤቴል። አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀየርኩ። ጋቢና ተይዟል፤ ከኋላ፣ መስኮቱ ጥግ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፣ አስፋልቱ ያብረቀርቃል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ፈዟል። እኔም ፈዝዣለሁ።

አጀንዳዬ፣ አየኋት።

ቡሊትን። የእኛን ፒካፕ። አንድ ግቢ የቆርቆሮ አጥሩ ወድቆ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ እዚያ መሀል፣ ሣር እስከ ጎማዋ በቅሎ፣ ቆማለች። ቀለሟ ነጭም ቢጫም ያልሆነ፣ ያው ቡላ። ለዚያ ነበር ቡሊት ያልናት። በጭነቱ ሳጥን ጎን ሳህሌ ቆሞ ያስበየዳት ጥጋኝ ላሜራ እንዳለች ናት። ወራጅ አለ! ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ እዚህ ፌርማታ የለም ማዘር አለኝ። ጮኼ ወረድኩ።

አጥሩ ጋ ብዙ ቆምኩ። አንዲት ቀይ ዶሮ በተሰበረው መስኮት አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ጋቢናው ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ። እኔ ስቀመጥበት የኖርኩት ቦታ ላይ።

መድኃኒቱን ሳልገዛ ተመለስኩ። ነገ እሄዳለሁ። ለሳህሌ ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከመሸ

ገና አልተዋወቅንም፣ አንቺና እኔ። ልጄ ሕይወት ናት ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣችሽ። እማዬ፣ የሚያናድድሽን እዚህ ላይ ጻፊው፣ እኔ ላይ አትጩሂ ብላ። እሺ። እጽፋለሁ። መጮሄን ግን አልተውኩም።

ሳህሌ ባሌ ነው። እጄ እንዳይደክም ከዛሬ ጀምሮ ሳ. እለዋለሁ። ሾፌር ነበር። ሌላ ምንም መሆን አይፈልግም ነበር። ከወልቂጤ ቆጮና ቅቤ እሱ ይነዳል፣ እኔ ኮልፌ እሸጣለሁ፤ ሲመቸኝ አብሬው እወጣለሁ፣ ጋቢና። ከዚያ ደም ግፊት ጣለው። ቀኝ እጁን፣ ቀኝ እግሩን፣ አንደበቱን። ቡሊትን ለሕክምናው ሸጥናት። ማን እንደገዛት እንኳ አላየሁም፤ እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ደላላው ነው የጨረሰው።

አሁን በከዘራ ይሄዳል። ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን። እግሩን የምታሠራው የክሊኒኳ ልጅ መንገድ ይችላል ትላለች። እሱ ግን የግቢውን በር ካለፈ ዓመታት ሆኑት። ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ዘመድ የለ። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ የተኛ ይመስላል። መናገርም ይችላል፣ ጥቂት ጥቂት፤ ቃሉ እየተጎተተ ሲወጣ ራሱ ያፍርበታል መሰለኝ፣ ተወው። ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ለብቻው ያወራል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከዚያ በር እንዲወጣልኝ። እጁ ይመለስ አላልኩም፣ አንደበቱ ይፈታ አላልኩም። ይውጣልኝ።

ዛሬ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ዓይኔ ተከደነ። ቡሊት ላይ ነን። ጭጋግ ነው፤ መንገዱ ይመጣል እንጂ እኛ የምንሄድ አይመስልም። የእንሰት ቅጠል ከግራም ከቀኝም። ሳ. በአፉ ያፏጫል፣ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ዜማ። እኔ እግሬን ሰቅዬ ሽንብራ እቆረጥማለሁ። አንዲት ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ብላ ቀሰቀሰችኝ። ተቆጣኋት፣ ምስኪን።

ዕቁብ ወጥቶልኛል። ሕይወት ለሱቁ ፍሪጅ ትላለች። እኔ ስለ ፍሪጅ እያሰብኩ አይደለም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ፀጉሬን ተሠራሁ፣ ደህናውን ነጠላ ለበስኩ። መኪና ልገዛ ሳይሆን ልጅ ልድር የምሄድ ነው የምመስለው።

ባለቤቱ አቶ ተክሌ ይባላሉ። ጡረተኛ፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ቤት ውስጥም አያወልቁም። ቡሊትን ለላሞቻቸው መኖ ማመላለሻ ነው የገዟት። ላሞቹ ተሸጡ፣ እሷ እዚያው ቀረች፤ ሞተሯ ከተነሳ ብዙ ዘመን ሆነው። ስለ ሳ. ነገርኳቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ። ስጨርስ እሸጥልዎታለሁ አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ጥቂት ቀረኝ። ከዚያ፦

«አሁን ግን አይሆንም። ዶሮዋ ታቅፋለች።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከነእንቁላሏ በካርቶን ወደ ማድቤቱ እናዛውራት ብል፣ አራስ ከነልጇ እናባርር ያልኩ ይመስል ዓይናቸው ፈጠጠብኝ። ዶሮ ከታቀፈችበት ከነቀሏት እንቁላሉን ትታ ትሄዳለች፣ ያን ሁሉ ነፍስ በእኔ ላይ ነው የሚቆጥሩት ወይ አሉኝ። ጫጩቶቹ ይውጡ፣ ከዚያ መኪናዎትን ይውሰዱ። ቃሌ ቃል ነው።

ታክሲ ውስጥ ቱግ ብዬ ነበር። የሰው ባል ታሞ እሳቸው ስለ ዶሮ! አየር ጤና ስደርስ ንዴቱ የለም። ለዶሮ እንዲህ የሚያስብ ሰው ግቢ ውስጥ ነበረችኮ ቡሊቴ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ደወልኩ። ዶሮዋ እንዴት ናት? አልኳቸው። አለች፣ አልተነሳችም አሉኝ። እህል ውኃ እዚያው እየሰጧት ነው። አመሰገንኩ። የዶሮ ጤና ለመጠየቅ ካርድ የምሞላ ሴት ሆንኩ።

ሳ. ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ዋለ። ምሳውን ግማሽ በላ። ዝናብ።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ተፈለፈሉ! አቶ ተክሌ ገና እንዴት አደሩ ሳይሉ ነው የነገሩኝ። ድምፃቸው አያት የሆነ ሰው ድምፅ ነው።

ውል ተዋዋልን፣ ምስክር ፈረመ። ሸምሱን ይዤ ነው የሄድኩት። ሸምሱ 18 ማዞሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፣ ቡሊትን በደጉ ዘመን እሱ ነበር የሚያክማት። ኮፈኗን ከፍቶ አጎንብሶ አየ። ከዚያ እትዬ ወርቄ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የዶሮ ቤት አለኝ። ሁለቱም ናት አልኩት።

በሰው የጭነት መኪና፣ በወፍራም ገመድ አስጎተትናት። መሪውን ሸምሱ ያዘ። እኔ ጋቢና። እጄ ሳላዘው የበሩን እጀታ አገኘው፣ ከላይ ያለችውን፣ ኩርባ ላይ የምይዛትን።

ሞተር የለ፣ ድምፅ የለ። እንዲህ ያለ ጉዞ ሄጄ አላውቅም። ጎማው ብቻ ሹልል ይላል። መስኮት የላትም፣ ነፋሱ ይገባል፣ ሲገባ ከወንበሩ ሥር ላባ ያስነሳል። ጋቢናው በላባ ተሞላ። ነጭ፣ ቀይ፣ እየተንሳፈፈ፣ ፀሐይ እያሳየው። ሸምሱ ላባ እየተፋ ይነዳል። ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል ነፋስ ሲመጣ እንኳ የሸተተኝ ያ ሽታ አይደለም፤ የድሮው የቡሊት ሽታ ነው፣ ቅቤና ናፍታ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል፤ አንድ ሕፃን እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም። ወዴት እንደምንሄድ ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። ጋራዥ ስንደርስ መውረድ አልፈለግሁም።

ቤት ስገባ ሳ. ፀጉሬ ላይ የሆነ ነገር አየ፣ ቅንድቡን አነሳ። ላባ ነው። ገበያ ነው አልኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሸምሱ ፈታታት። ሞተሩ አንድ ጥግ፣ በሮቹ ሌላ ጥግ፣ ወንበሯ ግድግዳ ላይ ተደግፎ። አጥንቷ ቀረ። ሳያት ፊቴን አዞርኩ። ሳ. ቀዶ ጥገና የገባ ቀን እንዲህ ነበርኩ። ሸ. ግን ደስ ብሎታል፣ እያፏጨ ይሠራል። ዝገቱ ላይ ላይ ነው፣ ሞተሩ ጨዋ ነው ይላል። ሞተር ጨዋ ሲባል መጀመሪያ መስማቴ ነው።

ሕይወት ደረሰችበት። ፍሪጁ የታለ ብላ ሱቅ መጣች፤ ከሰው ሰምታ ኖሯል። ተጨቃጨቅን። እኔ ጮህኩ፣ እሷ አልጮኸችም፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። አባዬ ሊነዳት ነው? ብላ ጠየቀችኝ። በየት እግሩ! አልኩ፤ ሾፌር እቀጥራለሁ፣ አባትሽ እንደ ጌታ ጋቢና ይቀመጣል። ወደ ሚዛኑ ዞራ ቅቤ መመዘን ጀመረች። እሺ እንዳትለኝ ፈርታ ይሆን፣ እምቢ እንዳትለኝ፣ አላወቅሁም። ሁለት ኪሎ ቅቤ በነፃ ይዛ ሄደች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ዛሬ ከተማው በሙሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን። በየበሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ልጆች እሳት ይዘላሉ፣ ማዶ ያለው ሰፈር የለም፣ ጠፍቷል። ጋራዥ ሄድኩ። ሸ. ሥራ አልገባም፣ ዘበኛው አስገባኝ። ቡሊት ተገጣጥማለች፣ በሮቿ ተመልሰዋል፣ ቀለም ግን ገና ነው፤ በስቱኮ ተለስና ግራጫ ሆናለች። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ጭሱ መስታወት በሌለው መስኮት ይገባል። ጭጋግ ነው አልኩ ለራሴ። ወልቂጤ ልንደርስ ነው። ሳ. አጠገቤ አለ፤ ቀኝ እጁ፣ ያ ሙሉ እጁ፣ ማርሹ ላይ ነው። ዳገት ሲመጣ ያጎነብሳል፣ መኪናዋን በደረቱ የሚገፋ ይመስል። አንዴ እንዲህ ያለ ጭጋግ ውስጥ አቁሞ ውረጂ ብሎኝ ነበር። ምን ሆንክ ስለው፣ እዪ፣ ማንም የለም፣ ዓለሙ እኔና አንቺ ብቻ ነን ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቆጮው እንዳይዘገይ ብሎ ነዳ። እንደዚያ ያለ ንግግር ያኔ ብቻ ነው የተናገረኝ። አሁን ቢደግመው ይጎተትበታል፣ እኔ ደግሞ እስከ ነገ እጠብቀው ነበር።

አለቀስኩ፣ አዎ። ዘበኛው ጭሱ ነው ብሎ ውኃ አመጣልኝ።

ቤት ስመለስ ሳ. መስኮቱን ዝጊ በሚል ዓይነት ከዘራውን ቀሰረ። ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሲያያት ይሻላል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ተነሳች!!!

መጀመሪያ አስነጠሰች። ከዚያ ተንተባተበች። ከዚያ ያ ድምፅ። ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሸምሱን አቀፍኩት፣ ግራሶው ነጠላዬን አበላሸው፣ ግድ የለኝም። በዚያው ማስነሻውንና ማጥፊያውን አሳየኝ፤ ለማወቅ ያህል።

ቀለሟ ያው ቡላው ይሁን ብያለሁ። ጋቢናውን ግን አሳመርኩት። አዲስ የቆዳ ልባስ፣ ለወገቡ ትራስ፣ ከላዩ ነጭ የበግ ለምድ ከመርካቶ። ጋቢና ለማን ይሰጣል? ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለእንግዳ። ሰርግ ላይ እንኳ ስንት ኩርፊያ አለበት። ሳ. ገብቶ ሲደገፍ ታየኝ። በመስታወቱ አየር ጤናን፣ ጦር ኃይሎችን፣ ሰዉን ሲያይ። ሰውም እሱን።

ሾፌርም ተገኘ። ቢንያም ይባላል፣ የሳንሱሲ ልጅ፣ ጭምት ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ኅዳር 28፣ እሁድ

ልጽፈው አልፈልግም። እጽፈዋለሁ።

ቢንያም ቡሊትን አፍንጫዋን ወደ ግቢው አስገብቶ በሩ ላይ አቆማት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል፣ እልልታ አለ፣ ሕይወት አበባ አስራባታለች። እኔ ገብቼ የሳ.ን ክንድ ያዝኩ፣ ና የማሳይህ አለ። እምቢ አላለም። የቤቱ ደጃፍ ላይ ደረስን። ግቢውን አሻገርኩት። በሩ ጋ ደረስን፣ አየሽ፣ በሩ ጋ! ለመውጣት የቀረው አንድ እርምጃ።

አያት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጁ ኮፈኗን ዳበሳት፣ እንደ ፈረስ። ቡሊት ያለ መሰለኝ።

ቢንያም ከመሪው ላይ ወርዶ ዞሮ የጋቢናውን በር ከፈተለት። ጋሼ፣ ይግቡ፣ ለእርስዎ ነው አለ። ሳ. ለምዱን አየ። ትራሱን አየ። ከዚያ መሪውን አየ፣ ከዚያ ቢንያምን። ከዚያ እኔን። እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ያየኝ እንደ ባዳ ነው።

ዞረ። ከዘራውን እየጣለ እያነሳ ተመለሰ፣ ቤት ገባ፣ የቤቱን በር ዘጋው። እልልታው መሀል ላይ ቀረ። ሰው ቀስ እያለ ተበተነ፣ ደክሞት ነው እያለ።

ያን ሁሉ! ዕቁቤን፣ ዶሮውን፣ ስቱኮውን! ምን በደልኩት? ቢንያም ግቢ አስገብቶ አቆማትና ሄደ። ሳ.ን አላናገርኩትም። እሱ እንደሁ ድሮም አያናግረኝ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ሱቅ አልከፈትኩም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ኩርፊያ አለ፤ አንደኛው ድምፅ የለውም፣ ሌላኛው ሳህን ይወረውራል።

ሕይወት ከሥራ መጣች። አባቷ ጋ ተቀመጠች፣ እጁን ይዛ። ከዚያ ማድቤት መጥታ አጠገቤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እማዬ፣ አትቆጪ አለችኝ። እሺ። ከዚያ፦

«አባዬን በራሱ መኪና እንግዳ አደረግሽው።»

ቢላዋዬ ቆመ። አከበርኩት እኮ! አልኳት። አዎ፣ አለች፣ እንደ እንግዳ።

አሁን ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ፊቴ ይግላል። ሾፌር ጋቢና የሚቀመጠው መቼ ነው? ሌላ ሰው የእሱን ቦታ ሲይዝ። ያን ለምድ ሳነጥፍ፣ በቃህ ብዬ ነበር ያነጠፍኩት። በጎረቤት ፊት። በእልልታ። እኔ ከሰው የተሻለ መቀመጫ ሰጠሁት ብዬ ደስ ብሎኝ፣ እሱ ሥራው ሲቀበር አየ። ወርቄ፣ ጅል ነሽ።

ለቢንያም ደወልኩ። አትምጣ፣ ይቅርታ አልኩት። ለምዱን አነሳሁ፣ ትራሱንም። ቡሊት ግቢ ውስጥ ቆማለች። ትሸጥ? እንጃ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴ ካልተነበበ ቻይኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቡሊት ውስጥ ገባሁ። ለመቀመጥ ብቻ። ግን በዚያኛው በር ገባሁ፣ በሾፌሩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጋቢናው አስጠልቶኝ ይሆናል። በሕይወቴ ከመሪ ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ዓለም ከዚያ በኩል ሌላ ነው። ኮፈኑ ረጅም ነው። የእኛ ቤት ሩቅ ይመስላል። ፀሐይዋ ታስተኛለች፣ ንብ መስታወቱ ላይ። መሪውን ይዤ ዓይኔን ከድኜ ሄድኩ። ጭጋጉን ሄድኩ፣ ዳገቱን። ሳ. ቢያየኝ ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ምን ነካኝ? ተነሳች። ሙሉዋ ተንቀጠቀጠች፣ እኔም አብሬ። ማርሹን ይዤ ወደፊት ገፋሁት። አጀንዳዬ፣ የወጣው ድምፅ! ብረት ሲታረድ ቢጮህ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። ደገምኩት። ባሰ።

የቤቱ በር በርግዶ ተከፈተ። ሳ.። ያለ ነጠላ ጫማ፣ በካልሲ፣ ከዘራውን ወደ ሰማይ ቀስሮ።

«ፍ… ፍሪ… ፍሪሲዮኑን ርገጪ!»

ፍሪሲዮን የቱ ነው? ጮኼ ጠየቅሁት። በግራ! በግራ እግርሽ! ገደልሻት! ቃሉ ይሰበራል፣ ይጎተታል፣ ምራቅ ይረጫል፣ ግን ይወጣል፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ። ያን ያህል ቃል በአንድ ላይ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ማልቀስ ጀመርኩ። ስለጮኸብኝ መሰለው፣ የባሰ ተናደደ።

በራሱ ሄደ፣ ኮፈኗን ተደግፎ ዞረ፣ የጋቢናውን በር በራሱ ከፈተ፣ በራሱ ወጣ። ማንም ግባ አላለውም። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ሞቶ ተኝቷል። ግራ እጁ ግን፣ ደህናው እጁ፣ እዚያው ማርሹ አጠገብ ነው። ከጋቢና የሚቀርበው እሱ ነውኮ! ይዞት ቀረ። ጨበጠው። ፊቱ ተለወጠ፤ እንዴት ልበልሽ፣ ቤቱ የገባ ሰው ፊት ሆነ።

ርገጪ አለኝ። ረገጥኩ። ማርሹን አስገባ፤ ድምፅ እንኳ የለውም፣ ቅቤ። ቀስ አለኝ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።

ሄድን። ግቢው ስንት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ግን ሄድን። የልብስ ማስጫውን ገመድ በጥሰን የሕይወትን አንሶላ ኮፈን ላይ ይዘን ባኞው አጠገብ ቆምን። ሳ. ሳቀ። በድምፅ። በግማሽ ከንፈሩ፣ ግን በድምፅ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

በየቀኑ ከሰዓት ነው። ሱቅ ዘግቼ እሮጣለሁ፣ እሱ ለብሶ ይጠብቀኛል። ወንበሩ ከግድግዳው ዞሯል፤ አሁን በመስኮት ግቢውን ነው የሚያየው፣ ቡሊትን።

መሪና እግር የእኔ፣ ማርሽ የእሱ። ርገጪ ሲል እረግጣለሁ። አሁን አሁን ሳይል እረግጣለሁ፣ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ። ከአጥር እስከ አጥር። ይሰድበኛል። መሪውን እንደ ሊጥ ታሺዋለሽ ይላል። እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ማታ እግሬ ያብጣል። ስተኛ አልጋው ይሄዳል፣ ርገጪ እያለ።

አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። የግቢው በር እንደተዘጋ ነው። ወለል አድርጌ ብከፍተው እንደዚያን ዕለት ዞሮ ይገባ ይሆናል። ደግሞስ ከፍቼ ወዴት? መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ትራፊክ ፖሊስ ለሁለት ነው የምንነዳው ብለው ይሰማኛል? እንዲህ በግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እያልን ልናረጅ ነው።

ወሰንኩ። መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በዚህ ቁርጥማቴ። ነገ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ትናንት ነገርኩት። ማሠልጠኛ ልመዘገብ ነው አልኩት። ማርሽ በራሴ እጅ ሳልለውጥ እንደማያሳልፉኝም ነገርኩት፤ ልደብቀው አልፈለግሁም። ከዘራውን አነሳ። ፈራሁ። ሄዶ ተኛ።

ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ኮቱን ለብሶ ሳሎን ቆሟል። አንዱ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሎ። ወዴት ነው? አልኩት።

«አስተማሪውን… ሳላየው… አትመዘገቢም።»

ምን? እነዚህ ልጆች፣ አለ፣ እየተጎተተ፣ እየላበው፣ እነዚህ የዛሬ ልጆች ፍሪሲዮን ላይ እግር ማስቀመጥ ያስተምራሉ። ያቃጥሉታል። ሚስቴን የሚያበላሽ ሰው ፊቱን ማየት አለብኝ።

እጅጌውን አስተካከልኩለት። ላዳ ጠራሁ። ክንዴን ያዘ፣ ግቢውን ተሻገርን፣ ስለ ፍሪሲዮን እያወራኝ፣ እኔ እሺ እሺ እያልኩ። ላዳው መንገዱን ይዞ፣ የሰፈሩን ኩርባ አልፈን፣ አጠና ተራ ጋ ስንደርስ ነው ድንገት የገባኝ። በሩ! አልፈነዋል። እሱም እኔም ሳናየው አልፈነዋል። ምንም አላልኩም። ብናገር የሚነቃብኝ መሰለኝ። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረግኩለት። የተደረደረውን አጠና፣ ሰዉን፣ አህያውን ሁሉ ያያል። ለማን እንደሆነ እንጃ አንዴ እጁን አነሳ፤ አንድ ሽማግሌ ከማዶ ሳህሌ! ብሎ ጮኸ።

አስተማሪው ጎልማሳ ነው፣ ትዕግሥተኛ። ሳ. ስለ ማርሽ ካምቢዮ፣ ስለ ዳገት፣ ስለ ምናምን ጠየቀው። ቃሉ እስኪወጣ ሰውየው አልቸኮለም፣ አልጨረሰለትም። አስተማሪው ሲወጣ ደህና ነው አለኝ ሳ.፤ ተመዝገቢ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ዛሬ የመጀመሪያው ትምህርት። ከአሁኑ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ሕይወት ደውላ ሳቀችብኝ።

ይህን ወስኛለሁ፣ አንቺም ያዥልኝ። ለፈተናው ማርሹን በራሴ እጅ እለውጣለሁ፣ ሕግ ነው። ወረቀቱን ካወጣሁ በኋላ ግን ቡሊት ላይ ማርሽ አልነካም። እሱ ርገጪ ካላለኝ እዚያው ቆሜ እውላለሁ። ወልቂጤ ድረስ እንደዚያ ነው የምንሄደው፣ ሁለት ሰው እንደ አንድ ሾፌር፣ ትራፊኩ ይሰለፍብን።

ሳ. ከእኔ ቀድሞ ተነስቷል። አብሬሽ ሄጄ ከዳር ሆኜ አያለሁ ብሏል። ጫማውን በአንድ እጁ ጠርጎታል፣ ከደጃፉ ተቀምጦ አጥልቆታል፤ ክሩን ብቻ ማሰር አይችልም። ወርቄ ይለኛል። ሁለተኛ ጠራኝ። እየመጣሁ ነው፣ ክሩን ላስር